ደሴ ያለው ትንሹ ማኅበራችን ሰው በዛበት፤ ሳይፈርስ እንዴት እናሳድገው?

የሙጋድ ልጅ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለዚህ ቤት። እንዴት ከረማችሁ? ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላል። እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ምከሩኝ።

ደሴ ውስጥ ቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) የሆንን ቤተሰቦች አለን። ብዙዎቻችን ከጎንደር በኩል በሥራ ዝውውርና በጋብቻ የመጣን ነን። ትውልዱን ከላስታ የሚቆጥርም አለ። ማኅበር ብለን የጀመርነው ነገር ቀላል ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አንዲት እናት ሳሎን ውስጥ እንሰበሰባለን፣ ኦሪት ይነበባል፣ የሰንበት ዳቦ ይቆረሳል፣ ከዚያ ጨዋታ ነው። በሰንበት እሳት ስለማይነድ ምግቡ ዓርብ ተሠርቶ ያድራል። ቡናውም ዓርብ ተፈልቶ በፔርሙዝ ይቀመጣል። የታመመ ካለ ይጠየቃል። የጎደለበት ካለ ይዋጣለታል። በቃ፣ ይኸው ነበር ማኅበሩ።

አሁን ሰው በዛ። ሳሎኑ ሞልቶ ልጆቹ በረንዳ ላይ መቀመጥ ጀምረዋል። ከኮምቦልቻ የሚመጡ አሉ፤ በሰንበት መኪና ስለማይሳፈሩ ዓርብ መጥተው ሰው ቤት ያድራሉ። ዕብራይስጥ አስተምሩን የሚሉ ወጣቶች አሉ። እስራኤል ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ «ምን እንላክላችሁ?» እያሉ ይደውላሉ።

እኔ ሙያዬ ሒሳብ ስለሆነ የማኅበሩ ደብተር ተሰጠኝ። ተማሪ የሚይዘው ዓይነት ደብተር ነው። በእርሳስ «ለዱቄት»፣ «ለሻማ»፣ «ለእትዬ መድኃኒት» ይላል። አንድ ሳንቲም የጎደለበት ቦታ የለም። ግን ገንዘቡ የሚቀመጠው በአንድ ወንድማችን የግል ሒሳብ ነው። ኦሪቱን በግዕዝ የሚያነቡልን አባት አንድ ናቸው። ልጆቹን የምታስተምረውም አንዲት ልጅ ናት። ሦስቱም እስራኤል ቤተሰብ አላቸው፤ ፈቃድ የመጣላቸው ዕለት ይሄዳሉ። እሰየው ነው፤ ደስታቸው ደስታችን ነው። ግን ሲሄዱ ማኅበሩ ማን ላይ ይቆማል?

አንዳንዶቹ ቦታ ጠይቀን ጸሎት ቤት እንሥራ ይላሉ። እኔ መጀመሪያ ሰው ይተካ፣ አሠራር ይበጅ ባይ ነኝ። ማኅበር፣ እድር፣ ጀመዓ፣ ሰንበቴ መርታችሁ የምታውቁ ሁሉ፣ ሃይማኖታችሁ ሌላ ቢሆንም ልምዳችሁን አካፍሉኝ።

---

ኮምቦልቻ 033

እህቴ፣ እኔ ግንባታ ይቅደም ከሚሉት ነኝ። ቤት የሌለው ማኅበር ሁልጊዜ እንግዳ ነው። አከራዩ ዛሬ ደስ ይለዋል፣ ነገ ኪራይ ይጨምራል፣ ከነገ ወዲያ ልጄን ልድርበት ነው ውጡልኝ ይላል። ልጆች ደግሞ በዓይናቸው የሚያዩት ነገር ይፈልጋሉ። «ይኼ የኛ ነው» ማለት ሲችሉ ነው የሚጸኑት።

ሌላው፣ ዘመዶቻችሁ ለመስጠት የተነሡት አሁን ነው። የሰው ስሜት ይቀዘቅዛል። በጭቃም ይሁን በቆርቆሮ፣ ጀምሩ።

---

የወልድያው ጠበቃ

ከግንባታው በፊት አንድ ነገር ይታወቅ። ማኅበሩ በሕግ ፊት ሰውነት እስካላገኘ ድረስ በስሙ ቦታ መጠየቅ፣ ሒሳብ መክፈት፣ ውል መዋዋል አይችልም። ቤቱን ብትሠሩ በአንድ ሰው ስም ነው የምትሠሩት። ሰውየው ከሞተ ወራሽ ይመጣል። ከሄደ ደግሞ ውክልና ፍለጋ ትንከራተታላችሁ። ይህን ዓይነት ክርክር ፍርድ ቤት ውስጥ በየጊዜው አየዋለሁ፤ የሚጣሉት ደግሞ አብረው ሲጸልዩ የኖሩ ሰዎች ናቸው።

አሁን የሚሠራው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። የቀድሞው 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት ሥራ እንዳይሰማራ ይከለክል ነበር። ያ ቀርቷል። ሰው ግን እስካሁን «ከውጭ ገንዘብ መቀበል ያስጠይቃል» እያለ ይሸሻል። በባንክና በሰነድ ይግባ እንጂ አያስጠይቅም።

ሁለት ነገር ልብ በይልኝ። አዋጁ የሃይማኖት ተቋማትን፣ እድርንና እቁብን አይመለከትም። የሃይማኖት ተቋም ምዝገባ መንገዱ ሌላ ነው፤ በሰላም ሚኒስቴር በኩል ነው የሚሄደው። የሃይማኖት ተቋም የበጎ አድራጎት ድርጅት ማቋቋም ግን ይችላል፤ ያ ድርጅት በአዋጁ ይተዳደራል። ደግሞ የፌዴራሉ አዋጅ የሚገዛው ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትን፣ የውጭ ድርጅቶችን፣ እንዲሁም አዲስ አበባና ድሬዳዋ የተቋቋሙትን ነው። እናንተ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ብቻ ከሆናችሁ ጉዳያችሁ ክልሉ ጋ ነው። የአዲስ አበባ ትራንስፖርት ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አጣሩ።

ምክሬ ጸሎቱንና መረዳጃውን አታደባልቁ ነው። መረዳጃው በእድር መልክ ቶሎ ሊቆም ይችላል። የጸሎት ቤቱ ጉዳይ ጊዜ ይወስዳል። የሃይማኖት ነፃነትን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ያረጋግጥላችኋል፤ ወረቀቱ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

---

የሙጋድ ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። አንድ ልጨምርብህ። ፈራሚዎቹን እንዴት እንምረጥ? የኛ ሰው ዛሬ አለ፣ ነገ ጓዙን ጠቅልሎ አዲስ አበባ ነው።

---

የወልድያው ጠበቃ

ሦስት ፈራሚ ይኑር፤ ሁለቱ ሲፈርሙ ገንዘቡ ይውጣ። ከሦስቱ ሁለቱ እዚሁ የሚቀሩ ይሁኑ። በጋብቻም በኑሮም ደሴ ላይ ሥር የሰደዱ ማለቴ ነው።

ማኅተሙን ፈራሚ ያልሆነ ሰው ይያዝ። በእኛ አገር ማኅተም ያለው ሰው ማኅበሩን በኪሱ ይዞ እንደሚዞር ቁጠሪው። ቼክ፣ ማኅተምና ፊርማ አንድ ቤት ከገቡ ሰውየው መልአክ ቢሆንም አያምርም፤ ለሱም ሐሜት ነው።

ዋናው ደግሞ ርክክብ ነው። ባንክ ፈራሚ ለመቀየር ማኅተም ያረፈበት ቃለ ጉባኤ ይጠይቃል። ሁለት ፈራሚዎች በአንድ ሳምንት ከሄዱ ብሩ ባንክ ውስጥ እያለ ለታመመ ሰው መድኃኒት መግዛት ያቅታችኋል። ስለዚህ ደንባችሁ ላይ ይህን አስገቡ፦ ማንም ኃላፊ የጉዞ ቀጠሮ እንደደረሰው ከመሄዱ በፊት በጽሑፍ ያስረክባል። ምን እንዳስረከበ በዝርዝር ተጽፎ ሦስት ሰው ይፈርምበታል። ደብተሩ፣ የመዝገቡ ቁልፍ፣ የአባላት ስም ዝርዝር፣ የተበደረ ሰው ካለ ስሙ፣ ሁሉም።

---

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ የጠየቅሽው አዲስ አይደለም። በዚህ ሕዝብ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተጠይቋል። ታሪክ አስተማሪ ስለነበርኩ ትንሽ ልበል።

ያዕቆብ ፋይትሎቪች የሚባል ከአውሮፓ የመጣ አይሁዳዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ አገራችን ሲመጣ የጀመረው ከሰው ነው። ሲመለስ ሁለት ወጣቶች ይዞ ሄደ። አንዱ ታምራት አማኑኤል ነበሩ። ተምረው መጡና እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የቤተ እስራኤል ልጆች የሚማሩበትን ትምህርት ቤት መሩ። በፋይትሎቪች አማካይነት ሃያ አምስት ያህል ወጣቶች ወደ አውሮፓና ወደ ኢየሩሳሌም ተልከው ተምረዋል። ዮና ቦጋለ ከእነሱ አንዱ ናቸው። ከዚያ ጣሊያን ገባ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ታምራትም ተሰደዱ። ሕንፃው ሲቀር የተማረው ሰው ግን ነበረ። ዮና ቦጋለ ከጦርነቱ በኋላ ጎንደር ላይ በየመንደሩ ትምህርት ቤት ያቋቋሙት ያንኑ ይዘው ነው።

ሁለተኛው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1955 እና በ1956 የሆነው ነው። 27 ልጆች በሁለት ዙር እስራኤል፣ ክፋር ባትያ ወደሚባል የወጣቶች መንደር ተላኩ። የተላኩት እዚያው እንዲቀሩ አልነበረም። ተምረው መጥተው መንደራቸውን እንዲያስተምሩ ነበር። አብዛኞቹም መጡ። አስመራ ላይም በዚያው ዘመን የመምህራን ማሠልጠኛ ተከፍቶ ነበር። የአምቦበርና የሌሎች መንደሮች ትምህርት ቤቶች በእነዚህ ልጆች ጉልበት ነው የቆሙት።

ሦስተኛው የሚያሳዝነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሱዳን በኩል 8,000 ያህል ሰው ሄደ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 ደግሞ በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጓጓዘ። ትልቅ ደስታ ነበር። ነገር ግን ቀሳውስቱም መምህራኑም አብረው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ጎንደርና አዲስ አበባ የተሰበሰበው ሰው ጸሎቱን፣ በዓሉን፣ የሰንበቱን ሥርዓት እንደ አዲስ መማር ነበረበት። የሚያስተምር በየቤቱ አልተረፈም።

እንግዲህ ሐሳቤ ግልጽ ነው። ቤት መሥራት ክፉ አይደለም። ግን ለእያንዳንዱ ሥራ ሁለት ሰው ሳይኖራችሁ ድንጋይ አታንሡ። አንባቢው ሁለት፣ አስተማሪው ሁለት፣ ሒሳብ ያዡ ሁለት። ምክትል ተብሎ ስሙ ወረቀት ላይ የሚውል ሰው አይደለም የምለው። በየሁለት ሰንበቱ ቦታውን ተረክቦ የሚያነብ ማለቴ ነው።

---

ከአሽዶድ

ደሴ የወይዘሮ ስሕን ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርኩ፤ ዛሬ ያለሁት እስራኤል ነው። ደሴን ስትጠሩት ሆዴ ይባባል። መምህር፣ እድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ትክክለኛውን ነገር ተናገሩ።

ከሰጪው ወገን ሆኜ ልናገር። እኛ እዚህ ያለን ሰዎች ገንዘብ የምንልከው ስሜታችን ሲነካ ነው። አንድ ቪዲዮ እናያለን፣ እናለቅሳለን፣ እናዋጣለን፣ እንልካለን። ከዚያ ስምንት ወር ዝም። በዚህ ዓይነት ገንዘብ ቤት ይጀመራል እንጂ አስተማሪ አይቀጠርም። አስተማሪ በየወሩ ነው የሚበላው።

ስለዚህ ከእኛ የምትጠይቁት ትንሽና ቋሚ ነገር ይሁን። አሥር ቤተሰብ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ቢያወጣ ሁለት አስተማሪ ይይዛል፤ ከኮምቦልቻ ለሚመጡት የማደሪያ ፍራሽና ብርድ ልብስ ይገዛል። ይህን ስትጽፉልን «እርዱን» ብላችሁ አትተዉት። «የአስተማሪዋ የወር ክፍያ ይህን ያህል ነው፣ ሁለት ወር ተሸፍኗል፣ ቀሪው አልተሸፈነም» በሉን። እንዲህ ሲባል ሰው ቦታውን ያውቃል።

ደግሞ አደራ፣ የልጆቹን ፎቶ እየላካችሁ ገንዘብ አትሰብስቡ። ልጆቹ ያድጋሉ፤ ፎቶው ግን ኢንተርኔት ላይ ይቀራል። ሰጪ ሁሉ ፎቶ ይፈልጋል፣ አውቃለሁ። የደረሰኙን፣ የመጽሐፉን፣ የፍራሹን ፎቶ ላኩለት።

ግንባታ ላይ ደግሞ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንባችሁ። መጀመሪያ ሰፋ ያለ ሳሎን ያለው ቤት ተከራዩ። የዓመቱን ኪራይ እኛ እንሞክራለን።

---

ኮምቦልቻ 033

መምህር ያሉት ገብቶኛል። ስለ 27ቱ ልጆች ሰምቼ አላውቅም ነበር። እሺ፣ ኪራይ ይሁን። ግን ውሉ ከአንድ ዓመት በላይ ይሁን፣ በማኅበሩ ስም ይሁን። ለሰንበት አዳሪዎቹ ደግሞ እኔ ጋ ሁለት ያልተነኩ ፍራሾች አሉ። ማን እንደሚረከበኝ ንገሪኝ።

---

የሐይቅ ልጅ

እህቴ አሰላሙ አለይኩም። እኔ ሙስሊም ነኝ። ያልተነሳ ነገር ስላለ ነው የምጽፈው። ቀብርና እድር።

ማኅበራችሁ ሲያድግ የራሳችሁን እድር ታቋቁማላችሁ፤ ጥሩ ነው። ግን ከሰፈር እድራችሁ አትውጡ። ወሎ ውስጥ ቅሬ (እድር) ማለት ሬሳ የሚያነሳው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ሦስት ቀን አብሮ የሚቀመጠው ሰው ነው። እስላሙ የክርስቲያኑን ቀባሪ ነው፣ ክርስቲያኑም የእስላሙን። የራሳችን ማኅበር አለን ብላችሁ ከሰፈሩ ከተነጠላችሁ፣ ማንም ክፉ ሳያስብ፣ ቀስ በቀስ ባይተዋር ትሆናላችሁ። ሁለቱንም ክፈሉ። የማይችል ካለ ማኅበሩ የሰፈር እድሩን ይክፈልለት። ይህ ከማንኛውም ሕንፃ በላይ ያቆማችኋል።

መቃብሩ ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው። የሙስሊሙ መካነ መቃብር አለ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አለ። የእናንተ ሽማግሌ ሲያልፉ የት ነው የሚያርፉት? በሐዘን ሰዓት የሚታሰብ ነገር አይደለም። እኛም ሬሳ ሳይውል ሳያድር ነው የምንቀብረው፣ እናንተም እንደዚያ ናችሁ፤ ስለዚህ የምትጣደፉበት ቀን ሳይመጣ ከተማ አስተዳደሩን ጠይቁ። ስትጠይቁ ብቻችሁን አትሂዱ። የሰፈራችሁን እድር ሊቀ መንበርና አንድ ሁለት የተከበሩ ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ። «እነዚህ ጎረቤቶቻችን ናቸው» የሚል ድጋፍ ጽፈው ይፈርሙላችሁ።

ሥጋውንስ እንዴት ነው የምታደርጉት?

---

የሙጋድ ልጅ

ወአለይኩም ሰላም የኔ እህት። ስለ ሰፈር እድሩ ያልሽው ልቤን ነካው፤ ኮሚቴው ላይ እንዳለ አነብበዋለሁ።

ሥጋው በቅርጫ ነው። ወር በገባ አካባቢ አንድ በሬ ወይም ሁለት በግ እንገዛለን። የሚያርደው አንድ የተማረ ወንድማችን ነው። ቢላውን በጥፍሩ ላይ አንሸራትቶ ይፈትሻል፤ ትንሽ ጥርስ ካገኘ እንደገና ይስለዋል። ደሙ በደንብ ይፈስሳል። ከዚያ የጭኑን ጅማት አውጥቶ ይጥላል፤ ያዕቆብ ከመልአኩ ጋር ሲታገል ጭኑ የተነካበት ነው ተብሎ አይበላም። ልጆቹ ከበው እያዩ ይጠይቁታል። እሱም አንድ ነው እንግዲህ። መምህር ባሉት መሠረት አንድ ወጣት አብሮት እንዲማር ይደረግ ብዬ አስቤያለሁ።

---

የሐይቅ ልጅ

ማሻአላህ። እኛ ወሎዎች የእስላም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ እያልን በሁለት ቢላ ተከባብረን ኖረናል። ሦስተኛ ቢላ ቢመጣ የሚደንቀው የለም።

---

ወጣት ነኝ ከሆጤ

እኔ ከማኅበሩ ልጆች አንዱ ነኝ። ጽሑፉን አይቼ ነው የገባሁት። አንድ ነገር በግልጽ ይነሳ።

እኛ ወጣቶቹ የዕብራይስጡን ጸሎት እንፈልጋለን። ዓለም ላይ ያሉ አይሁዶች በሙሉ የሚጸልዩት እሱን ነው። ሐኑካንና ፑሪም የሚባሉትን የአይሁድ በዓላት ማክበር እንፈልጋለን። ሥጋና ወተት መለየት እንፈልጋለን። አባቶች ደግሞ «እኛ በኦሪት የተጻፈውን ነው የምናውቀው» ይላሉ። ጸሎቱም በግዕዝ ይሁን ይላሉ። በዚህ ምክንያት ባለፈው ሰንበት ከጸሎት በኋላ ድምፅ ከፍ አለ። እኔ አባቶችን አከብራለሁ። ግን እስራኤል ስንሄድ ምንም እንደማያውቅ ሰው መቆጠር አንፈልግም።

---

ከወለቃ

ወንድሜ፣ እኔ ጎንደር ያደግኩ ነኝ። ዛሬ ኑሮዬ ወልድያ ነው። ይህን ነገር በልጅነቴ አይቼዋለሁ፤ ሁለቱም ወገን እውነት አለው።

የስግድን በዓል ተመልከት። አባቶቻችን ከዮም ኪፑር (ከማስተስረያ ቀን) በኋላ ሃምሳኛው ቀን፣ በሐሽቫን ወር 29ኛው ቀን፣ ጾመው ተራራ ይወጣሉ። ቄሶቹ ኦሪቱን ተሸክመው ከፊት ይሄዳሉ። ዐሥርቱ ትእዛዛት ይነበባል፣ የነህምያ ይነበባል፣ በግዕዝ ይጸለያል፣ ከዚያ ወርደው ጾማቸውን ይፈታሉ። ይህ ነገር ሌላው አይሁድ ዘንድ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2008 የእስራኤል ፓርላማ ስግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎ ደነገገው። ዛሬ ኢየሩሳሌም ላይ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይወጣል። እንግዲህ አባቶች «ይህማ የኋላ ቀር ነው» ተብሎ ትተውት ቢሆን ኖሮ ለዓለም የምንሰጠው ነገር ባልኖረን ነበር።

ስለዚህ ሁለቱንም ያዙ። ጠዋት አባታችን በግዕዝ ያንብቡ፤ ወጣቱ ቆሞ ይስማ፣ ይከተል። ከዚያ ወጣቶቹ የዕብራይስጡን ይጸልዩ፤ አባቶች ይቀመጡ። በወር አንዴ ደግሞ አንድ ወጣት ግዕዙን ያንብብ። መምህር ያሉት ሁለተኛ አንባቢ ከዚህ ይወጣል። ሌላ ቦታ አትፈልጉት።

ስግድን የት ነው የምታከብሩት? ጦሳ ተራራ ላይ ብትወጡ እኔ ከወልድያ እመጣለሁ።

---

ወጣት ነኝ ከሆጤ

ባለፈው ዓመት በግቢ ውስጥ ነው ያከበርነው። ጦሳ ያልከው ሐሳብ ደስ ይላል። ለከተማው ማሳወቅ ስለሚኖርብን አስቀድመን እንጠይቃለን።

ለግዕዙ እኔ ራሴ እሞክራለሁ። አስቸጋሪው ነገር መጽሐፉ ነው። ዕብራይስጡ በአማርኛ ፊደል የተጻፈው ስልካችን ላይ አለ፤ በሰንበት ግን ስልክ አይነካም። በወረቀት ያለን ጥቂት ነው፤ እሱንም አራት አምስት ሆነን ነው የምናየው።

---

ተስፈኛ

ይቅርታ፣ ጥያቄ ነበረኝ። የእናቴ አያት ፈላሻ ናቸው ይባላል። ማኅበሩ ደብዳቤ ቢጽፍልኝ እስራኤል መሄድ እችላለሁ? አንድ ሰው ስሜን ሊያስመዘግብልኝ ገንዘብ ጠይቆኛል። ከእናንተ ጋር ይሠራል ወይ?

---

የሙጋድ ልጅ

ወንድሜ፣ ገንዘቡን አትስጥ። እባክህን አትስጥ።

ማን ይገባል፣ ማን አይገባም የሚለውን የሚወስነው የእስራኤል መንግሥት ነው፤ በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ በኩል። የመንግሥቱ ውሳኔዎች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ጎንደርና አዲስ አበባ የሚጠባበቀውን ሰው ለመውሰድ ተወስኖ ነበር፣ በ2020 መጨረሻም እንደገና በረራ ተጀምሮ ነበር። በዚህ ሁሉ ውስጥ የኛ ማኅበር ዝርዝር አያወጣም፣ ተራ አያስይዝም። ስም አስመዘግባለሁ ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ከእኛ አይደለም።

ሰንበት ላይ ልትጎበኘን ከፈለግህ ግን ና። ደብዳቤ ሳትጠይቅ፣ ዝም ብለህ እንደ እንግዳ ና። ዳቦ አለ።

---

የወልድያው ጠበቃ

ይህን መልስ ደንቡ ላይ አስገቡት። «ማኅበሩ የጉዞ ጉዳይ አያስፈጽምም፣ ለዚህም ክፍያ አይቀበልም» የሚል አንድ አንቀጽ። ሰው ሲበዛ ይህ ጥያቄ በየቀኑ ነው የሚመጣባችሁ። ለአንዱ አዝናችሁ ደብዳቤ ከጻፋችሁ በሳምንቱ በራችሁ ላይ ሰልፍ ነው። ከዚያ ማኅበሩ የጸሎት ማኅበር መሆኑ ይቀርና ጉዳይ አስፈጻሚ ቢሮ ይሆናል።

---

ሸማኔው

እኔ ብዙ አልናገርም። ከአባላቱ አንዱ ነኝ። በሸማኔነት ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ሰኞ ባቲ ገበያ ጋቢና ነጠላ እሸጣለሁ። የቅዳሜ ገበያ አልሄድም፤ ብዙ ሸማች ቀርቶብኛል፣ አልቆጨኝም።

እናንተ ሁሉ ስለሚሄደው ሰው ትጽፋላችሁ። እኔ የሚቀር ሰው ነኝ። ባለቤቴ የባቲ ልጅ ናት፤ እናቷን ትታ አትሄድም፣ እኔም እሷን ትቼ አልሄድም። እንደኔ ያለ ብዙ አለ። እስከ ዛሬ ኮሚቴ ሲመረጥ ግን የሚመረጠው እዚያ ዘመድ ያለው፣ ስልክ የሚደወልለት ሰው ነው። እኛን የሚጠይቀን የለም። ማኅበሩ ለእኛም ይሁን። ልጄ እዚህ ያገባል፣ እዚህ ይወልዳል። ሰንበቱን የት ነው የሚጠብቀው?

---

ጡረተኛው መምህር

አቶ ሸማኔ፣ ሁላችንም ከጻፍነው የእርስዎ ይበልጣል።

---

የሙጋድ ልጅ

ጋሼ፣ ይህን ነገር እንዲህ በግልጽ የተናገረ ሰው አልነበረም። እሑድ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ጽሑፍዎን ለሁሉም አነበብኩት። ብዙ ሰው ዝም አለ። ከዚያ ኦሪት አንባቢያችን አባት ራሳቸው ተነሥተው «ፈራሚ ከሚቀሩት ይሁን፣ ሰብሳቢውም ከሚቀሩት ይሁን» አሉ። እርስዎን ለሰብሳቢነት ጠቁመውዎታል። እምቢ እንዳይሉ ቤትዎ ሽማግሌ እየመጣ ነው።

ሌላ የተስማማንበትን ልንገራችሁ። ሒሳቡ ከግል ወደ ማኅበር እስኪዞር ድረስ ከውጭ ገንዘብ አንቀበልም። ከአሽዶድ የጻፍከው ወንድሜ፣ እባክህ ትንሽ ታገሠን። የሒሳብ ቁጥሩን ከቃለ ጉባኤው ቅጂ ጋር እልክልሃለሁ። ግንባታው ለጊዜው ይቆይ ተብሏል። ሁለት ሰው ተቆጥቷል፤ አንዱ እስካሁን አላናገረኝም፣ ግን በሰንበት መጥቶ ነበር። የመቃብሩን ማመልከቻ ከሰፈር እድር ሰብሳቢዎቹ ጋር ሆነን እየጻፍን ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሰብሳቢ ለመፈረም እሺ ብለዋል። የሰፈር እድር መክፈል ላልቻሉ ሁለት ቤተሰቦች ከያዝነው ወር ጀምሮ ማኅበሩ ይከፍላል። ፍራሾቹን ደግሞ ወጣቱ ከሆጤ ኮምቦልቻ ወርዶ ይረከባል።

---

ከአሽዶድ

እታገሣለሁ። ከወንድሞቼ ጋር ተነጋግረን የሁለቱን አስተማሪዎች የወር ክፍያ በቋሚነት ለመያዝ ተስማምተናል። ሁለተኛዋን አስተማሪ ማን ብላችሁ ነው?

---

የሙጋድ ልጅ

የሸማኔው ልጅ ናት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳለች፣ ለልጆች ትዕግሥት አላት። ከያዝነው ሰንበት ጀምሮ ከዋናዋ አስተማሪ ጎን ትቀመጣለች።

አሁን የቸኮልነው የጸሎት መጽሐፉን ለማሳተም ነው። ለሰንበት የሚሆን፣ ግዕዙ በአንድ ገጽ፣ በአማርኛ ፊደል የተጻፈው ዕብራይስጥ ፊት ለፊቱ። አባታችን ዓይናቸው ስለደከመ የግዕዙ ፊደል ተለቅ ይበል ብለዋል። ደሴ ውስጥ ኮፒ አድርጎ በደንብ የሚጠርዝ፣ ገጹ ቶሎ የማይገነጠል ሥራ የሚሠራ ቤት የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ።

---

ኮምቦልቻ 033

ስፒራል አታስደርጉት፤ ልጆች ይጎለጉሉታል። በክር የሚሰፋ ሰው አውቃለሁ። ፍራሹን ሊወስድ ሲመጣ ናሙናውን ለልጁ አሳየዋለሁ።